የመሬት ሕጉን መቀየር ቤት አያረክስም ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለውን አንድ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የከተማ ቤት የተወደደው በመሬት አጠቃቀም ሕግ ምክንያት ሳይሆን በባለሀብቶች ስግብግብነት ነው። ሕጉ ቢላላ የሚበዛው ለሀብታም የሚሆን አፓርታማ ብቻ ነው። ትርፉን የሚያፍሰው ባለመሬቱ ነው። ባዶ ቤት ሞልቶ ሳለ ሌላ መሥራት አያስፈልግም። ነባር ሰፈሮች ተጨማሪ ሰው መሸከም አይችሉም። ስለዚህ ሕጉ እንዳለ ይቆይና መንግሥት ራሱ ቤት ይሥራ።

ጸሐፊው ለተከራይ ያላቸው ተቆርቋሪነት ከልብ እንደሆነ ያስታውቃል። ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው። ለተከራይ የሚቆረቆር ሰው ተከራይን ለሚያስጨንቅ ሕግ ጠበቃ ሆኖ ሲቆም እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነጥቦቻቸውን በተራ እመለከታለሁ፤ ግን ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጥም። አንዳንዱ ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እውነትም ከባድ ጥያቄ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ መደባለቅ ይጥራ። የመሬት አጠቃቀም ሕግ ስንል በአንድ ይዞታ ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚፈቀድ፣ ስንት ፎቅ እንደሚወጣ፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖርበት፣ ከአጥር ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ስንት መኪና ማቆሚያ እንደሚኖረው የሚደነግገውን ማለታችን ነው። የአርማታው ጥንካሬ፣ የእሳት ጊዜ መውጫው፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታው የሚገዙት በሌላ ሕግ ነው። ጸሐፊው «ሕጉ ሲላላ የሚደረመስ ሕንፃ ይበዛል» ሲሉ ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። ጃፓንን እንይ። የመሬት መንቀጥቀጥን ለመቋቋም በ1981 ያወጣችው የግንባታ ደረጃ በዓለም ላይ ጥብቅ ከሚባሉት ይመደባል። የመሬት አጠቃቀም ሕጓ ግን ከብዙ ሀብታም አገሮች ይልቅ ለግንባታ ክፍት ነው። የዞን ዓይነቶቹን፣ ማለትም በየአካባቢው ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚለዩትን ክልሎች፣ የሚደነግገው ብሔራዊ ሕግ ሲሆን ቁጥራቸውም 13 ብቻ ነው፤ ደንቡን ያሟላ ሰው ፈቃዱን ያገኛል እንጂ የጎረቤት በጎ ፈቃድ ሲለምን አይኖርም። ሕንፃ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃ እንዳይሠራ መከልከል ሌላ ነገር ነው። እንዲቀር የምከራከረው ሁለተኛው ነው።

«ቤት የተወደደው በስግብግብነት ነው»

ስግብግብነት የሌለበት ከተማ የለም። ቤት በረከሰበትም በተወደደበትም ከተማ አከራይ የሚያገኘውን ያህል ኪራይ ማግኘት ይፈልጋል። ልዩነቱ የፈለገውን ማግኘት መቻሉ ላይ ነው። ተከራይ ሌላ ቤት የሚያገኝ ከሆነ ጭማሪ ሲጠየቅ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ የማያገኝ ከሆነ የተባለውን ይከፍላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አከራዩ ትርፍ ለምን ወደደ የሚለው አይደለም። ተከራዩን አማራጭ ያሳጣው ምንድን ነው የሚለው ነው።

በአሜሪካ ቤቶችን በአሥር ሺዎች እየገዙ የሚያከራዩ ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ። እነዚህ ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖቻቸው በሚያቀርቡት ሰነድ አዲስ ግንባታ አነስተኛ የሆነባቸውን አካባቢዎች እንደሚመርጡ ራሳቸው ይጽፋሉ። ጸሐፊው አጥብቀው የሚያወግዟቸው ገዢዎች የሚያሳድዱት እጥረትን ነው ማለት ነው። እጥረቱን ጠብቆ የሚያቆየው ሕግ ሲነካ ግን ጸሐፊው ከሕጉ ጎን ይቆማሉ።

ይህ ሕግ ማንን ለመጠበቅ እንደወጣም ማወቅ ያስፈልጋል። የካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከአንድ ቤተሰብ በላይ የሚያኖር ቤት የማይሠራባቸውን ሰፈሮች በደንብ የከለለችው በ1916 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁሮች ነጮች በሚበዙበት ሰፈር እንዳይገቡ የሚከለክለውን የሉዊቪል ከተማ ደንብ ሻረ። በ1926 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ኦሃዮ ውስጥ የምትገኘው የዩክሊድ መንደር ያወጣችው የዞን ደንብ ሕጋዊ ነው ብሎ ሲፈርድ፣ አፓርታማን በነጠላ ቤቶች ሰፈር ላይ የሚጣበቅ ጥገኛ አድርጎ ገለጸው። በቀለም መለየት በሕግ ሲከለከል በኪስ መለየት ተፈቀደ። የተከተለውን እናውቃለን፤ ሎስ አንጀለስ ለመኖሪያ ከመደበችው መሬት ሦስት አራተኛ ያህሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለነጠላ ቤት ብቻ የተከለለ ሆኖ ኖረ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የተቀረውን አንድ አራተኛ ሲሻማ ኪራይ ቢንር የሚያስገርም አይደለም።

«የሚሠራው ሁሉ ለሀብታም ነው»

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ያምንበታል፤ በዓይን የሚታይም ይመስላል። አዲስ አፓርታማ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው ደህና ገቢ ያለው ሰው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያበቃሉ። እኔ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እጠይቃለሁ። ያ ሰው ትናንት የት ይኖር ነበር? የለቀቀው ቤት ውስጥስ ማን ገባ?

ይህን ጥያቄ ተመራማሪዎች በሄልሲንኪ ተከታትለውታል። ፊንላንድ ውስጥ እያንዳንዱ ነዋሪ የት እንደሚኖርና መቼ እንደተዛወረ በሕዝብ መዝገብ ስለሚያዝ፣ አንዱ የለቀቀውን ሌላው ሲገባበት ሰንሰለቱን እስከ ታች መከተል ይቻላል። ያገኙት ውጤት ይህ ነው፦ በመሀል ከተማ በገበያ ዋጋ የሚቀርቡ 100 አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ፣ በገቢ ከመካከለኛው በታች በሆኑ ሰፈሮች ወደ 60 የሚጠጉ ቤቶች ይለቀቃሉ። ይህም የሚሆነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናትም ከዚህ ያልራቀ ውጤት አግኝቷል።

ግንባታ ሲከለከልስ? ደህና ገቢ ያለው ሰው ከተማውን ለቅቆ አይጠፋም። አዲስ ቤት ሲያጣ አሮጌውን ይሻማል፤ ሲሻማም የሚያሸንፈው እሱ ነው። በ2021 የመኪና ፋብሪካዎች በቺፕ እጥረት ምርት ሲቀንሱ የሆነውን እናስታውስ። አዲስ መኪና ያጣ ሁሉ ወደ ያገለገለ ዞረ፤ ያገለገለ መኪና ዋጋ በብዙ አገር ሰማይ ነካ፤ በመጨረሻ ያለ መኪና የቀረው ያገለገለ ከመግዛት በቀር አቅም ያልነበረው ሰው ነው። የቤት ገበያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ አሮጌ አፓርታማ ታድሶ በእጥፍ ሲከራይ የምናየው አዲስ ባልተሠራበት ከተማ ነው።

የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ በ2018 መጨረሻ ባጸደቀችው ፕላን በከተማዋ ሁሉ ለነጠላ ቤት ብቻ ተከልለው የነበሩ ሰፈሮችን እስከ ሦስት ቤተሰብ ለሚይዝ ቤት ከፈተች፤ በትልልቅ ጎዳናዎችና በመጓጓዣ መስመሮች ዳር ደግሞ ከፍ ያለ ሕንፃ ፈቀደች፤ በ2021 የግዴታ መኪና ማቆሚያን አነሳች። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም እንዳሰላው ከ2017 እስከ 2022 የከተማዋ የቤት ብዛት በ12 በመቶ ሲያድግ ኪራይ የጨመረው በ1 በመቶ ብቻ ነው። በቀረው የሚኒሶታ ግዛት በዚያው ጊዜ ቤት በ4 በመቶ አድጎ ኪራይ በ14 በመቶ ጨመረ። እዚህ ላይ ለአንባቢ ሐቁን ሳልደብቅ ልናገር፤ ከአዲሶቹ ቤቶች አብዛኞቹ የተገኙት ብዙ ከተወራላቸው ባለሦስት ቤተሰብ ግቢዎች አይደለም። በጎዳናዎቹ ዳር ከተፈቀዱት ትልልቅ ሕንፃዎች ነው። ከዚህ የምንማረው ስሙ ያማረ ግን ትንሽ የሆነ ማሻሻያ ብዙ ቤት እንደማያመጣ ነው፤ የሚሠራው ፎቅ ልክና ብዛት ወሳኝ ነው።

«ትርፉን የሚወስደው ባለመሬቱ ነው»

ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነጥብ ይህ ነው። ጸሐፊው ማስረጃም አቅርበዋል፤ በ2019 የታተመ የቺካጎ ጥናት። ቺካጎ በ2013ና በ2015 በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ ተጨማሪ ፎቅ እንዲሠራ ፈቀደች። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት የንብረት ዋጋ ጨመረ እንጂ ግንባታ አልጨመረም። ጥናቱን አልክድም። የምከራከረው ከእሱ በወሰዱት ትምህርት ነው።

ከተማው በሙሉ ተከልክሎ በጣቢያ ዙሪያ ያለ ጥቂት መሬት ብቻ ሲፈቀድ ምን ይሆናል? ፈቃዱ ራሱ ብርቅ ሸቀጥ ይሆናል። መሬቱን የያዘው ሰው አልሚው ሌላ የሚሄድበት እንደሌለ ያውቃል፤ ስለዚህ ዋጋውን ሰቅሎ ይጠብቃል። ቢጠብቅ አይጎዳም፤ ከርሞም ቢሆን ፈቃዱ ያለው በእሱ እጅ ነው። ተጨማሪው ፎቅ ያመጣው ጥቅም ሁሉ ወደ መሬቱ ዋጋ ገብቶ ያልቃል። ጸሐፊው ያዩት ይህንን ነው፤ ያዩትም ነገር እውነት ነው።

ፈቃዱ ሰፊ ሲሆን ግን ባለመሬቱ ዋጋ የመስቀል አቅም ያጣል። የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ በ2016 መጨረሻ ሥራ ላይ ባዋለችው ፕላን ለመኖሪያ ከተከለለው መሬት ሦስት አራተኛ በሚሆነው ላይ በአንድ ጊዜ ተጨማሪ ግንባታ ፈቀደች። አንዱ ባለይዞታ «ካልከፈልክ ሂድ» ቢል አልሚው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላውን ያነጋግራል። በ2016 ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ፈቃድ ያገኙባት ከተማ በ2021 ከ20 ሺህ በላይ ቤቶችን ፈቀደች። ብዙዎቹ ጎን ለጎን የተያያዙ፣ በአንድ የቀድሞ ግቢ አራትና ስድስት ሆነው የሚሠሩ ቤቶች ናቸው። የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ማሻሻያው በአምስት ዓመት ውስጥ ያመጣው ጭማሪ ብቻ ወደ 22 ሺህ ቤት ይጠጋል፤ ይህም ከከተማዋ ቤት ሁሉ ከ4 በመቶ በላይ ነው። የሦስት መኝታ ቤት ኪራይም ማሻሻያው ባይኖር ኖሮ ይደርስበት ከነበረው ከሩብ በላይ ዝቅ ብሏል ይላሉ። በዚህ ስሌት የማይስማሙ ኢኮኖሚስቶች አሉ፤ ያልሆነን ነገር ገምቶ ከሆነው ጋር ማወዳደር ምን ጊዜም አከራካሪ ነው። ቢሆንም የቺካጎን ጥናት የሚጠቅስ ሰው ኦክላንድን ሳይጠቅስ ማለፉ ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። አምስት መቶ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ቤት ብቻ ሲፈቀድ የመሬቱን ዋጋ በሙሉ የሚሸከመው አንድ ቤተሰብ ነው። በዚያው መሬት ላይ ስድስት ቤት ቢፈቀድና ጸሐፊው እንደፈሩት የመሬቱ ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚሸከመው የቀድሞውን አንድ ሦስተኛ ነው። ባለመሬቱ አተረፈ፤ አዎ። ስድስት ቤተሰብም ገባ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው ጽፈዋል፤ ሁለተኛውን ግን በጽሑፋቸው ውስጥ አጣሁት።

ባለመሬቱ ላቡን ሳያፈስ ያገኘው ትርፍ የሕዝብ መሆን አለበት በሚለው ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ ምናልባትም ከእሳቸው የበለጠ። ለዚህ ግንባታ መከልከል አያስፈልግም። ሳኦ ፓውሎ በ2014 ባጸደቀችው ማስተር ፕላን በከተማዋ ሁሉ በነፃ የሚፈቀደውን የወለል ስፋት ከመሬቱ ስፋት ጋር እኩል አደረገች፤ በመጓጓዣ መስመሮች ዳር ግን እስከ አራት እጥፍ መሥራት ይቻላል፣ ከአንድ እጥፍ በላይ ለሚሠራው ባለቤቱ ለከተማዋ ይከፍላል። ኢስቶኒያ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ የምትሰበስበው ግብር በመሬቱ ዋጋ ላይ ብቻ እንጂ በላዩ በተሠራው ቤት ላይ አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ ግብር መሬት አጥሮ ለማስቀመጥም ቤት ሠርቶ ለማከራየትም የሚከፈለው እኩል ስለሆነ፣ አጥሮ ማስቀመጥ አያዋጣም። ጸሐፊው የባለመሬቱ ትርፍ ካንገበገባቸው ብዕራቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት እጅግ ደስ ይለኛል። ያለውን ሕግ እንዳለ ማቆየት ባለመሬቱን አይጎዳውም። ከእሱ በላይ የሚጠቀምበት የለም፤ ቤት ባልተሠራ ቁጥር የያዘው እየተወደደ ይሄዳል።

ጸሐፊው ያልነኩት ድሃው

እዚህ ላይ ከጽሑፉ ተራ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላንሳ። ጸሐፊው የመሬት አጠቃቀም ማሻሻያን የሀብታም አገሮች ፋሽን አድርገው አቅርበዋል። የመሬት ሕግ ድሃውን የሚጎዳው ግን ከሁሉ በላይ በድሃ ከተሞች ነው።

ሙምባይ በ1964 በአንድ መሬት ላይ የሚሠራው ወለል በድምር ከዚህ አይበልጥም የሚል የስፋት ጣሪያ ስታበጅ የመሬቱን አራት እጥፍ ተኩል ፈቀደች። ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ሲገባት ዝቅ አደረገችው፤ በ1991 ደሴቲቱ ከተማ በሚባለው ነባሩ ደቡባዊ ክፍሏ ወደ 1.33 እጥፍ ወረደ። ሦስት ወገኗ በባሕር የታጠረ ከተማ ወደ ጎን መስፋት አይችልም፤ ወደ ላይ መውጣትም ተከለከለ። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪዎቿ ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት በተጨናነቁ የድሃ ሰፈሮች ይኖሩ ነበር። ድህነቱን ያመጣው ይህ ደንብ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ሕጋዊው ወለል በጠበበ ቁጥር ሕጋዊውን የሚገዛ ሰው እያነሰ፣ ሕገወጥ ተብሎ የሚፈርስበት ሰው እየበዛ መሄዱ ግልጽ ነው።

ከወለሉ ስፋት ያላነሰ ጉዳት የሚያደርሰው የይዞታ ዝቅተኛ ስፋት ነው። ከዚህ ያነሰ ቁራሽ ካርታ አይሰጠውም የሚል ደንብ ትንሽ መሬት ብቻ መግዛት የሚችለውን ቤተሰብ ከከተማው ሕጋዊ ክፍል ያስወጣዋል። ቤተሰቡ ገንዘብ የለውም ማለት አይደለም፤ ያለው ገንዘብ የሚገዛለት ስፋት በሕግ ተከልክሏል ማለት ነው። የቴክሳሷ ሂውስተን በ1998 በመሀል ከተማዋ ዝቅተኛውን ስፋት ከ465 ካሬ ሜትር ገደማ ወደ 130 ገደማ አወረደች፤ በ2013 ደንቡን ወደ ቀሩት ሰፈሮች አሰፋችው። በዚያ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ቤቶች ተሠሩ። በዚህ ደንብ በተከፋፈሉት ግቢዎች ላይ ማንም ባለ ሠላሳ ፎቅ አላቆመም፤ አንድ ቤት የነበረበት ግቢ ሦስት ቤት ያዘ፣ በቃ።

«ባዶ ቤት ሞልቷል»

ባዶ ቤት አለ፤ የት እንዳለ ግን ማየት ያስፈልጋል። ጃፓን ውስጥ በ2023 በተደረገ ጥናት 9 ሚሊዮን ባዶ ቤቶች ተቆጥረዋል። ድርሻው ከሁሉ የከፋው እንደ ዋካያማና ቶኩሺማ ባሉ፣ ወጣቱ ለሥራ ጥሏቸው በሄደ ግዛቶች ነው፤ ከአምስቱ ቤት አንዱ ባዶ ነው። ሥራ የሌለበት አካባቢ ያለ ባዶ ቤት ሥራ ባለበት ከተማ ለሚከራይ ሰው አይጠቅመውም። በውድ ከተሞች ውስጥ ሆን ተብለው ባዶ በሚተዉ ቤቶች ላይ ግብር ይጣል፤ ቫንኩቨር ከ2017 ጀምሮ እያደረገችው ነው፤ እደግፋለሁ። ግብሩ ግንባታን አይተካም፤ አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተውም አያስፈልግም።

«ሰፈሩ አይሸከምም»

ጸሐፊው ውኃው፣ ፍሳሹ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ አይበቃም ይላሉ። ስጋቱ ተራ አይደለም፤ ቱቦው ጠቦ ፍሳሽ ደጃፉ የሚፈስበት ሰው ተጨማሪ ፎቅ ሲሰማ ቢቆጣ እውነት አለው። ግን ሰዎቹ እዚያ ሰፈር ስላልተፈቀደላቸው አይጠፉም። ከከተማው ዳር ሄደው ይሰፍራሉ፤ እዚያ ደግሞ ቱቦውም መንገዱም ከዜሮ ይጀመራል። በአንድ ጎዳና ሃያ ቤት ከሚያገለግል ቱቦ ይልቅ ስልሳ ቤት የሚያገለግለው ለአንድ ቤት የሚወስደው ርዝመት ያንሳል። ነባሩን ቱቦ በሰፊው መቀየር ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚካፈለው ግን ብዙ ሰው ነው። የእርሻ መሬት በከተማ ይበላል የሚለው ስጋታቸውም መልሱ ከዚህ አይለይም፤ ከተማን ወደ እርሻው የሚገፋው መሀሉ ላይ የተጣለው ክልከላ ነው።

የሰፈሩ መልክ ይጠፋል ለሚለው፣ ብዙ ሰው ማኖር ማለት ሰማይ ጠቀስ ማቆም ማለት አይደለም። ፓሪስ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 20 ሺህ ያህል ሰው የምታኖረው በአብዛኛው በስድስትና በሰባት ፎቅ ሕንፃዎች ነው። ማንም መልኳ ተበላሸ ሲል አልሰማሁም።

የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ ለብቻው መነሳት ይገባዋል፤ ጸሐፊው ግዴታው እንዳይነሳ ጠይቀዋልና። አንድ መኪና ከነመዞሪያው ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ይህ የአንድ ሰው ስቱዲዮ ያህል ስፋት ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ወይም ሁለት ማቆሚያ ሲያስገድድ፣ መኪና የሌለው ተከራይ የሌለውን መኪና ክፍል በየወሩ በኪራዩ ውስጥ ይከፍላል። ሜክሲኮ ሲቲ በ2017 ዝቅተኛውን ግዴታ አንስታ በቦታው ከዚህ በላይ ማቆሚያ አይሠራም የሚል ጣሪያ አስቀመጠች። ማቆሚያ የሚፈልግ ይሥራ፣ የሚፈልግ ይከራይ። የማይፈልገውን ሰው ማስከፈል ግን ፍትሕ የለውም፤ በተለይ ደግሞ መኪና የሌለው ብዙውን ጊዜ ገቢው ዝቅ ያለው ስለሆነ።

«መንግሥት ይሥራ»

ይሥራ። በዚህ ላይ ጸብ የለንም። ቪየና ውስጥ ከነዋሪዎች ግማሽ የሚሆኑት የሚኖሩት የከተማዋ በሆኑ ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው። በሲንጋፖር ከነዋሪዎች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ቦርድ በሠራቸው አፓርታማዎች ይኖራሉ። ሁለቱንም አደንቃለሁ።

ነገር ግን መንግሥትም ቤት የሚሠራው መሬት ላይ ነው። ሲንጋፖር ያንን ሁሉ መሥራት የቻለችው በ1966 መሬት በስፋት የምትወስድበትን ሕግ አውጥታና ወደ ላይ ከፍ ብላ ለመሥራት ወስና ነው። በተቃራኒው ካሊፎርኒያ በ1950 በሕገ መንግሥቷ ውስጥ ባስገባችው አንቀጽ 34 መሠረት ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሆን የሕዝብ ቤት ለመሥራት በአካባቢው ሕዝብ ድምፅ መጽደቅ አለበት። ቪላ የሚሠራ ሰው ድምፅ አይሰጥበትም፤ ለድሃ የሚሠራ መንግሥት ይሰጥበታል። ነጠላ ቤት ብቻ በሚፈቀድበት ሰፈር የሕዝብ አፓርታማም ክልክል ነው። ጸሐፊው እንዲቆይ የጠየቁት ሕግ የጠየቁትን ቤት የሚከለክለው ሕግ ነው።

መሬቱ የመንግሥት መሆኑ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ለማየት ሆንግ ኮንግን መመልከት ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ሰው የሚይዘው በሊዝ ነው። ከግዛቲቱ ለመኖሪያ የዋለው መሬት ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቤት ዋጋዋ ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ ከገቢ ጋር ሲነጻጸር ከሁሉ የከበደ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። መሬት የሚያቀርበው አንድ ሆኖ በቁንጥር ሲያቀርብ፣ ያ አንድ መንግሥትም ይሁን ሌላ፣ ዋጋው ያው ነው።

ውሳኔው የሚሰጥበት መድረክ

ጸሐፊው በመጨረሻ ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት የየሰፈሩ ነዋሪ ተሰብስቦ ይስማማ ይላሉ። ሲሰማ ፍትሐዊ ነው። ስብሰባው ላይ የሚገኘው ግን ማን ነው? አሁን እዚያ የሚኖረው፣ በተለይም ቤት ያለውና ጊዜ ያለው ሰው ነው። ሕንፃው ቢሠራ ይገባበት የነበረው ቤተሰብ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው፤ አድራሻው እዚያ ስላልሆነ አይጠራም፤ ስሙንም የሚያውቅ የለም። የሚጎዳው ሰው የሌለበት ስምምነት ስምምነት አይባልም። ለዚህ ነው ደንቡ ከሰፈር ከፍ ባለ ደረጃ፣ በከተማ ወይም በአገር ደረጃ፣ አንድ ጊዜ በግልጽ ተከራክረንበት ይውጣ የምለው። ከወጣ በኋላ ደንቡን ያሟላ ሁሉ ይሥራ። እያንዳንዱ ፈቃድ ለብቻው ሲለመን ጉቦም የሚገባው በዚያው በር ነው።

ጸሐፊው በትክክል ያነሱት፣ የማሻሻያው ደጋፊዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ። አሮጌ ሕንፃ ፈርሶ አዲስ ሲሠራ እዚያው ይኖር የነበረው ተከራይ ምን ይሆናል? የከተማው ኪራይ ከአምስት ዓመት በኋላ ይቀንሳል ማለት ለሚመጣው ወር ቤት ላጣው ሰው መልስ አይሆንም። ካሊፎርኒያ በ2019 ባወጣችው ሕግ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ተከራዮች ይኖሩበት የነበረን ቤት የሚያፈርስ አልሚ በምትኩ እንዲሠራ፣ ለተነሺዎቹም የመመለስ ዕድል እንዲሰጥ አስገድዳለች። ከዚህ በተጨማሪ የማዛወሪያ ወጪና በግንባታው ወቅት የኪራይ ልዩነት ድጋፍ በደንቡ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ አስቀድሞ ተከራይ ያለበትን ሕንፃ ከማፍረስ ይልቅ ባዶ ቦታዎችና የመኪና ማቆሚያ ሜዳዎች እንዲገነቡ የሚያበረታታ ቅደም ተከተልም ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ጸሐፊው ዝርዝር ሐሳብ ካላቸው ቀጣዩ ጽሑፋቸው ስለዚህ ቢሆን እጠብቃለሁ፤ እኔም በበኩሌ የማዛወሪያ ወጪውን አልሚው ብቻ ይሸከመው ወይስ ከመሬት ግብሩ ይከፈል በሚለው ላይ ገና ልከራከር የምፈልገው አለኝ።